ምሰሶና ማገር፤ በአንድ ፊልም ውስጥ ስለ ተገናኙ ሁለት ተዋንያን

፩. የነገሩ መነሻ

የተማሪዎች ምርምር በሚወጣበት በእንዲህ ያለ መጽሔት ላይ አንባቢ የሚጠብቀው ስለ ሀብሩ የመስኖ እርሻ፥ ስለ ተራሮቻችን አፈር መሸርሸር፥ ወይም ስለ ትምህርት ቤቶቻችን ሁኔታ የተጠና ጽሑፍ ነው። ስለ ሲኒማ ተዋናይ መጻፍ ለዕረፍት ጊዜ ጨዋታ እንጂ ለጥናት የማይበቃ የሚመስላቸው እንዳሉ እናውቃለን። እኛም ብንሆን ከጥቂት ወራት በፊት እንደዚሁ ይመስለን ነበር። አሳባችንን የለወጠው አንድ ማታ የተነሣ ሙግት ነው።

ከወልድያ ግቢና ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከመርሳ የግብርና ግቢ የተሰባሰብን ጥቂት ተማሪዎች፥ አንድ ቅዳሜ ማታ በአንድ ኮምፒዩተር ዙሪያ ተጨናንቀን ‹‹ሻፍት በአፍሪቃ›› የተባለውን የአሜሪካ ፊልም እናይ ነበር። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1973፥ በእኛ አቈጣጠር በ1965 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን ከፊሉ የተነሣው በአገራችን ነው። ታሪኩ እየሄደ ሳለ አንድ የታወቀ ፊት ብቅ ቢል ከመካከላችን አንዱ ‹‹ደበበ እሸቱ!›› ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በጭብጨባ ተሞላ።

ፊልሙ ካለቀ በኋላ ግን ጭብጨባው ወደ ክርክር ተለወጠ። አንደኛው ወገን ‹‹በሆሊዉድ ፊልም የተሠለፈ ኢትዮጵያዊ ኮከብ ነው፤ ልንኰራበት ይገባል›› አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ‹‹ምኑ ያኰራል? ለአሜሪካኑ ጀግና አጃቢ ሆኖ ጥቂት ጊዜ ታየ እንጂ›› ሲል መለሰ። ሌሊቱ እስኪጋመስ ድረስ አልተስማማንም።

ነገሩን ቆየት ብለን ስንመረምረው ሁለቱም ወገኖች እንደ ተሳሳቱ፥ ስሕተታቸውም አንድ እንደ ሆነ ተረዳን። ሁለቱም የተዋናይን ሥራ የለኩት በሚታይበት ጊዜ ርዝመት ነው። አንደኛው ትንሹን ክፍል አለመጠኑ አገነነው፤ ሁለተኛው ትንሽ በመሆኑ ናቀው። እኛ ግን የአጃቢ ተዋናይ ዕድል የሚወሰነው በሚደርሰው ክፍል ትልቅነት ወይም ትንሽነት አይደለም እንላለን። የሚወሰነው የትናንት ሥራውን የሚያስታውስለትና የነገ ሥራ የሚሰጠው ቤት ያለው በመሆኑ ወይም ባለመሆኑ ነው። ይህንንም ለማስረዳት በዚያው ፊልም ውስጥ የተገኙትን ሁለት ሰዎች፥ አሜሪካዊውን ፍራንክ ማክሬንና ኢትዮጵያዊውን አቶ ደበበ እሸቱን፥ ጐን ለጐን እናቀርባለን።

፪. ‹‹ረዳት›› ስለሚባለው ቃል

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ መጠሪያው ጥቂት እንበል። በአማርኛችን እንዲህ ያለውን ባለሙያ ‹‹ረዳት ተዋናይ›› ወይም ‹‹አጃቢ ተዋናይ›› እንለዋለን። ‹‹ረዳት›› ሲባል በወልድያ መናኸሪያ በመኪና በር ላይ ተንጠልጥሎ ‹‹መርሳ፥ ውርጌሳ፥ ደሴ!›› እያለ የሚጣራው ልጅ ይታሰበናል። እርሱ ባይኖር መኪናው አይሞላም፤ ሒሳቡም አይሰበሰብም። ተሳፋሪው ግን ‹‹ማን አመጣህ?›› ቢባል የሚጠራው ሾፌሩን ነው። ‹‹አጃቢ›› የሚለውም ቃል ሠርግን ያስታውሰናል፤ ሙሽራው አንድ ነው፥ አጃቢው ብዙ ነው፥ የአጃቢውን ስም ግን የሚመዘግብ የለም። እንግዲህ ሁለቱም ቃላት ገና ሲጠሩ ሰውየውን ከሌላ ሰው ኋላ ያቆሙታል።

አሜሪካኖች ለዚህ ሰው ሁለት መጠሪያ አሏቸው። አንደኛው እንደ እኛው አጋዥነቱን የሚናገር ነው። ሁለተኛው ግን የሚያሳየውን ጠባይ የሚያነሣ ሲሆን፥ ወደ ቋንቋችን ቢመለስ ‹‹የገጸ ባሕርይ ተዋናይ›› እንደ ማለት ነው። በዚህኛው መጠሪያ ሰውየው የሚታወቀው ማንን ተከትሎ እንደ ቆመ ሳይሆን ምን ዓይነት ሰው ሆኖ ሊታይ እንደሚችል ነው። ቁጡውን አለቃ፥ ቸሩን ጐረቤት፥ ሰካራሙን ሽማግሌ አንድ ጊዜ በሚገባ ያሳየ ሰው፥ እንዲህ ያለ ሰው ያለበት ታሪክ በተጻፈ ቁጥር ይፈለጋል።

ለዚህ ሙያ ጥንታዊ ምሳሌ የሚሆኑት ዋልተር ብሬናን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1894 ተወልደው በ1974 ያረፉት ብሬናን፥ ወደ ሲኒማ የገቡት ከሕዝብ መካከል ለመቆም በቀን ሒሳብ ከሚቀጠሩት ሰዎች አንዱ ሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 በደረሰባቸው አደጋ ብዙ ጥርሶቻቸውን አጡ። ሌላው ሰው በዚህ ከሥራ ይወጣ ይሆናል፤ እርሳቸው ግን ሰው ሠራሹን ጥርስ ሲያወልቁ ሽማግሌ፥ ሲያጠልቁ ጐልማሳ እየሆኑ ጕድለታቸውን መሣሪያ አደረጉት። የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1936 ለተሠሩት ፊልሞች ለመጀመሪያ ጊዜ የአጃቢ ተዋናይ ሽልማት ሲያቋቁም ከወንዶች የተቀበሉት እርሳቸው ናቸው፤ በ1938 እና በ1940 ፊልሞችም ደገሙት፥ ሠለሱት። እዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባን የሰውየውን ተሰጥኦ ብቻ አይደለም። የዚያ አገር ሲኒማ ለአጃቢው የተለየ ስም፥ የተለየ መዝገብና የተለየ ወንበር አዘጋጅቶ መጠበቁን ጭምር ነው።

በሀብሩ ገጠር የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ምሰሶው ከመካከል ቆሞ ጣራውን ይሸከማል፤ እንግዳም ሲገባ አስቀድሞ የሚያየው እርሱን ነው። ማገሩ ግን ከግድግዳው እንጨት ጋር እየታሰረ ዙሪያውን ከያዘ በኋላ በጭቃ ይለሰናል፤ ከዚያ ወዲያ አይታይም። ባይታይም ግድግዳውን አያይዞ ያቆመው እርሱ ነው። አጃቢ ተዋናይ የቤቱ ማገር ነው። ስለዚህ ስለ ማገር ሲጠየቅ ‹‹ምን ያህል ይታያል?›› ተብሎ ሳይሆን ‹‹የየትኛው ቤት ማገር ነው? ያስ ቤት ቆሟልን?›› ተብሎ ነው።

፫. የተገናኙበት ፊልም

‹‹ሻፍት በአፍሪቃ›› ጆን ሻፍት ስለሚባል የኒው ዮርክ ጥቁር መርማሪ ከተሠሩት ፊልሞች ሦስተኛው ነው። የፊተኞቹን ሁለቱን፥ እ.ኤ.አ. በ1971 እና በ1972 የወጡትን፥ ያዘጋጁት ጎርደን ፓርክስ ሲሆኑ፥ ሦስተኛውን ያዘጋጁት እንግሊዛዊው ጆን ጊለርሚን ናቸው። ዋናውን ሰው በሦስቱም የተጫወቱት ሪቻርድ ራውንድትሪ ናቸው። በዚህኛው ታሪክ መርማሪው የአፍሪቃን ወጣቶች በሥራ ስም እያታለለ ወደ አውሮፓ ወስዶ እንደ ባሪያ የሚነግድባቸውን ቡድን ለመያዝ፥ እንደ ስደተኛ ሠራተኛ መስሎ ከአገራችን እስከ ፓሪስ ይጓዛል።

ለእኛ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ከሀብሩና ከአካባቢው ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለመሄድ በባሕር የተሻገረ ወንድም ወይም እኅት የሌለው ተማሪ በመካከላችን ጥቂት ነው። ደላላው፥ የጭነት መኪናው፥ ቤተ ሰብ ከብት ሸጦ የሚከፍለው ገንዘብ፥ ሁሉም የምናውቀው ነው። ስለዚህ ፊልሙ ገና ሲጀምር በጥሞና ተመለከትነው። ነገር ግን ከግማሽ በላይ ሳንሄድ ፊልሙ የሚያስበው ስለ ተሰዳጆቹ ሳይሆን ስለ መርማሪው ጡንቻ መሆኑን ተረዳን። ተሰዳጆቹ ስም የላቸውም፤ በመኪና ተጭነው የሚታዩ፥ ታሪክ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ‹‹ማንታ›› የሚባልም በካርታችን ላይ የማይገኝ ነገድ ተፈጥሯል።

የክፍሎቹ አደላደል ከዚህ ይልቅ አስተማሪ ነው። የአሚሩን ክፍል የተጫወቱት በጉያና ተወልደው በእንግሊዝ አገር የሠሩት ሳይ ግራንት ናቸው። የአሚሩ ልጅ ስሟ ‹‹ዓለሜ›› ነው፤ ስሙ የእኛ ነው፥ የተጫወቱት ግን ከሳን ፍራንሲስኮ የመጡት አሜሪካዊት ቮኔታ መጊ ናቸው። ‹‹ኦሲያት›› የሚባለውን አፍሪቃዊ የተጫወቱት የቴነሲው ሰው ፍራንክ ማክሬ ናቸው። በዚያን ጊዜ ከኢትዮጵያ መድረክ ወጣት ተዋንያን መካከል በትምህርትም በሥራም የታወቁት አቶ ደበበ እሸቱ ደግሞ ‹‹ዋሳ›› የተባለውን ክፍል ተሰጡ። እንግዲህ በአገራችን መሬት ላይ በተነሣ ፊልም ውስጥ ትልልቆቹን አፍሪቃውያን ሌሎች ሆኑ፤ የአገሩ ሰው ከዳር ቆመ።

ይህን ስንናገር እነዚያን ተዋንያን ለመውቀስ አይደለም። ለጥቁር አሜሪካውያን ተዋንያን በዚያ ዘመን በሆሊዉድ የተከፈተው በር ራሱ ጠባብ ነበር፤ በዚያች ጠባብ በርም በክብር ገብተዋል። የምንናገረው ስለ ሥርዓቱ ነው። አንድ የውጭ ፊልም ሠሪ ወደ አገራችን ሲመጣ የሚፈልገው መሬቱን፥ ብርሃኑንና የሕዝቡን ብዛት ነው፤ ተዋናዩን የሚያመጣው ከቤቱ ነው። ስለዚህ የአቶ ደበበ ክፍል ትንሽ መሆን የችሎታቸው መለኪያ ሊሆን አይችልም። በዚያች ትንሽ ክፍል ውስጥ እንኳ ፊታቸው ያልተቻኰለ፥ ዓይናቸው የሚያዳምጥ መሆኑን የተመለከተ ሰው ከመድረክ የመጣ ተዋናይ መሆናቸውን ለመለየት አይቸገርም። በአካባቢያቸው ያለው ሁሉ ሲሮጥና ሲተኩስ እርሳቸው ይጠብቃሉ። መጠበቅ የሚችል ተዋናይ ደግሞ ብዙ አይደለም።

፬. ፍራንክ ማክሬ፤ ቤት ያለው ማገር

ፍራንክ ማክሬ በሜምፊስ ከተማ፥ በቴነሲ ተወለዱ። በቴነሲ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ድራማና ታሪክ ተማሩ። ከግዙፍነታቸው የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1967 ‹‹ቺካጎ ቤርስ›› ለተባለው ቡድን የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫወቱ። ወደ ሲኒማ የገቡት በ1973 ሲሆን በዚያው ዓመት ‹‹ሻፍት በአፍሪቃ›› ላይና ስለ አንድ የታወቀ ባንክ ዘራፊ በተሠራው ‹‹ዲሊንጀር›› በተባለው ፊልም ላይ ታዩ። በሁለቱም የተፈለገው በመጀመሪያ ቁመናቸው ነበር ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ቁመናቸው በሩን ከፈተላቸው፤ በዚያው አልቆሙም እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1979 ‹‹ኖርማ ሬ›› በተባለው ስለ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ማኅበር በሚናገረው ፊልም ላይ ሠርተዋል፤ በዚያው ዓመት በ‹‹ሮኪ›› ሁለተኛ ክፍል ላይ የሥጋ መጋዘን አለቃ ሆነዋል። በ1982 ‹‹48 ሰዓት›› በተባለው ፊልም መርማሪውን ፋታ የማይሰጥ ቁጡ የፖሊስ አለቃ ሆኑ። በ1984 ‹‹ቀይ ንጋት›› ላይ መምህር፥ በ1989 ከጄምስ ቦንድ ፊልሞች በአንደኛው ላይ ሻርኪ የሚባል የቦንድ ወዳጅ ሆኑ። ከእነዚህ በአንዱም ዋናው ሰው እርሳቸው አይደሉም። ይሁን እንጂ በእያንዳንዱ ላይ ሲገቡ ተመልካች ‹‹ይህን ሰውዬ አውቀዋለሁ›› ይላል።

ለዚህ ጽሑፍ ዋና ማስረጃ የምናደርገው ግን እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው ‹‹የመጨረሻው የጀብዱ ጀግና›› በተባለው ፊልም ላይ የተጫወቱትን ክፍል ነው። ፊልሙ በጀብዱ ፊልሞች ልማድ ላይ የሚቀልድ ነው። በዚያ ውስጥ ማክሬ የሚጫወቱት እንደ ገና የሚጮኽ የፖሊስ አለቃ ነው፤ ነገር ግን በዚህ ጊዜ ጩኸቱ ራሱ ቀልድ ነው። ተመልካች የሚስቀው ስለ ምንድር ነው? ከ11 ዓመት በፊት በ1982 ሲጮኹ ስላየ ነው። የፊተኛው ፊልም ባይጠበቅ፥ በቴሌቪዥን ባይደጋገም፥ በካሴት ባይሸጥ ኖሮ የኋለኛው ቀልድ ቀልድ አይሆንም ነበር። ማክሬ የራሳቸውን ትናንት መልሰው ሊጫወቱበት የቻሉት ትናንታቸው ተቀምጦ ስለ ጠበቃቸው ነው።

የአጃቢ ተዋናይ ሀብት ይህ ነው። ዋናው ተዋናይ በአንድ ፊልም ውስጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ ራሱን የማስተዋወቅ ጊዜ አለው። አጃቢው ግን አምስት ደቂቃ ብቻ ነው ያለው፤ ስለዚህ በአምስቱ ደቂቃ ውስጥ ሙሉ ሰው ሆኖ ለመታየት ተመልካቹ ቀድሞ ያከማቸው ትዝታ ያስፈልገዋል። ማክሬ እ.ኤ.አ. በ2021 በካሊፎርኒያ ሲያርፉ፥ የሠሯቸውን ፊልሞች አንድ በአንድ ቆጥሮ ለመጻፍ የፈለገ ሰው ሁሉ በእጁ አገኛቸው። ቤቱ ቆሞ ስለ ነበረ ማገሩም ተቈጠረ።

፭. አቶ ደበበ እሸቱ፤ በጭቃው ውስጥ የቀረ ማገር

አሁን ወደ አገራችን ሰው እንመለስ። አቶ ደበበ እሸቱ የቴአትርን ጥበብ በሀንጋሪ አገር ተምረው የተመለሱ፥ በአዲስ አበባ መድረኮች ላይ በተዋናይነትና በአዘጋጅነት ስማቸው የታወቀ ባለሙያ ናቸው። የተነሡበትም ዘመን የቴአትራችን ለምለም ዘመን ነበር። የሀገር ፍቅር ቴአትር ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ነበረ፤ በኋላ ብሔራዊ ቴአትር የተባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ተከፍቶ ነበር፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ከራሳቸው ድርሰቶች ሌላ ኦቴሎንና ሐምሌትን ወደ አማርኛ መልሰው ለተዋንያን ትልልቅ ክፍሎች አበርክተው ነበር። እንዲህ ባለ መድረክ ላይ ያደገ ሰው ‹‹ዋሳ›› ሆኖ በአሜሪካ ፊልም ዳር ሲቆም፥ ያ ለእርሱ ከብዙ ሥራዎቹ አንዱ እንጂ የሕይወቱ ጫፍ አልነበረም።

የአገራችን ሲኒማ ግን ገና ዳዴ የሚል ነበር። የመጀመሪያው ረዥም የአማርኛ ፊልም ‹‹ሂሩት አባቷ ማነው?›› የወጣው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ‹‹ጉማ›› መጣ፤ ኃይሌ ገሪማም ‹‹ምርት ሦስት ሺህ ዓመት›› የተባለውን ፊልማቸውን እ.ኤ.አ. በ1976 አወጡ። እነዚህና ጥቂት መሰሎቻቸው በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። ‹‹ሻፍት በአፍሪቃ›› ወጥቶ ዓመት ሳይሞላ ደግሞ በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ፤ የአሜሪካ ፊልም ሠሪ ወደ አገራችን የሚመጣበትም መንገድ ጠበበ። ማክሬ ከዚያ ፊልም ወጥተው ወደ ሌላ ፊልም ሲገቡ፥ አቶ ደበበ ከዚያ ፊልም ወጥተው የተመለሱት ወደ መድረክ ነው።

መድረክ ከፊልም ያነሰ ጥበብ አይደለም፤ እንዲያውም ለተዋናይ ከዚያ የከበረ ቦታ የለም። ነገር ግን መድረክ አንድ ጠባይ አለው፤ መጋረጃው ሲዘጋ ሥራው አብሮ ይዘጋል። ያየው ሰው እስካለ ድረስ ይኖራል፤ ያየው ሲያልፍ ያልፋል። የአንድን ተዋናይ የሠላሳ ዓመት የመድረክ ሥራ ለመመርመር የሚፈልግ የዛሬ ተማሪ በእጁ የሚገባለት ማስታወቂያ ወረቀት፥ ጥቂት ፎቶግራፍና የሽማግሌዎች ትዝታ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ አስገራሚ ነገር ሆኗል። አቶ ደበበ አገራቸው ውስጥ፥ በገዛ ቋንቋቸው፥ ትልልቅ ሰዎችን ሆነው የተጫወቱባቸውን ሌሊቶች እኛ ማየት አንችልም፤ በባዕድ ፊልም ዳር የቆሙባትን ጥቂት ደቂቃ ግን በመርሳ መኝታ ቤት ሆነን እንመለከታለን። ያቺ ማታ የተከራከርነው እንግዲህ ስለ ሰውየው ሥራ አልነበረም፤ ከሥራው ስለ ተረፈችው ቍራጭ ነበር።

ይህ በእርሳቸው ብቻ የደረሰ አይደለም። እንደ እርሳቸው በሀንጋሪ የተማሩትን የወጋየሁ ንጋቱን ዕጣ ስንመለከት ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር›› ወጋየሁ በኢትዮጵያ ሬዲዮ አነበቡት፤ ድምፁም ተቀርጾ ስለ ተቀመጠ እነሆ እርሳቸውን በመድረክ ያላየ፥ በዘመናቸውም ያልተወለደ ትውልድ ድምፃቸውን ሰምቶ ያለቅሳል፥ ይስቃል። ወላጆቻችን በሀብሩ መንደሮች በባትሪ ሬዲዮ የሰሙትን እኛ በስልካችን እንሰማዋለን። ወጋየሁ በእኛ ዘንድ ያልሞቱት ድምፃቸው ስለ ተቀዳ ነው። በመድረክ ላይ የነበረው አካሄዳቸው፥ የእጃቸው አነሣሥ፥ ዝምታቸው ግን የት አለ?

የአቶ ደበበ ሕይወት በመድረክ ብቻ ያልተወሰነ መሆኑንም መዝለል አይገባንም። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ጊዜ ከቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ ፓርቲ ጋር በሕዝብ ግንኙነት ሥራ ተሠልፈው ነበር፤ ከምርጫው በኋላም ከፓርቲው መሪዎች ጋር በ1998 ዓ.ም. ታስረው በ1999 ዓ.ም. ተፈቱ። በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ ዳግመኛ ታስረው በኋላ ተለቀቁ። የፖለቲካውን ነገር መመርመር የዚህ ጽሑፍ ድርሻ አይደለም። ለእኛ ጥያቄ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሌሎች የጻፉትን ቃል ሲናገር የኖረ ሰው አንድ ጊዜ በራሱ ቃል በአደባባይ ተናገረ፥ ዋጋውንም ከፈለ። ከዚያ በኋላ በፊቱ ላይ የሚነበበው ነገር በ1965 ዓ.ም. ከነበረው የተለየ መሆኑን የሚጠራጠር ሰው ቀጥሎ የምናነሣውን ፊልም ይመልከት።

፮. ‹‹ቀይ ቅጠሎች››

እ.ኤ.አ. በ2014፥ ከ‹‹ሻፍት በአፍሪቃ›› 41 ዓመት በኋላ፥ ትውልደ ኢትዮጵያዊው እስራኤላዊ ባዚ ጌቴ ‹‹ቀይ ቅጠሎች›› የተባለውን የመጀመሪያ ረዥም ፊልማቸውን አወጡ። በዚህ ፊልም ዋናው ሰው አቶ ደበበ እሸቱ ናቸው። የሚጫወቱትም ከ28 ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የተሰደዱ፥ ሚስታቸው የሞቱባቸው የ74 ዓመት አባት ነው። አባትየው ቤታቸውን ሸጠው በልጆቻቸው ቤት እየተዘዋወሩ ለመኖር ይነሣሉ። የታሪኩ አጥንት የሼክስፒር ‹‹ንጉሥ ሊር›› ነው፤ ሥጋውና ደሙ ግን የእኛ አባቶች ናቸው።

ይህ አባት ሲገባ ቤተ ሰብ እንዲነሣለት፥ ሲናገር እንዲደመጥ የለመደ ነው። በልጆቹ ቤት ግን ሕፃናቱ በሌላ ቋንቋ ይነጋገራሉ፤ ሚስት ለባልዋ በአባቱ ፊት ትመልሳለች፤ ማንም አይጠላውም፥ ማንም ግን አይታዘዝለትም። አቶ ደበበ ይህን የተጫወቱት ያለ ለቅሶና ያለ ጩኸት ነው። የፊልሙ ትልቁ ንግግር የሚካሄደው እርሳቸው ዝም ብለው በተቀመጡበት ጊዜ ነው። አንድ ሽማግሌ ልጆቹ ሲከራከሩ ነገሩ ሳይገባው፥ ስለ እርሱ እንደ ሆነ ግን እያወቀ ሲቀመጥ፥ ፊቱ ምን እንደሚመስል ለማየት የሚፈልግ ሰው ይህን ፊልም ይይ።

ፊልሙን የተመለከትነው በሁለተኛው ሳምንት ነው። በዚያ ማታ ጭብጨባ አልነበረም። ካለቀ በኋላ ከመርሳ ግቢ የመጣ አንድ ጓደኛችን፥ ልጆቻቸው ሁሉ ዓረብ አገር ሄደው ብቻቸውን የቀሩትን የአያቱን ጐረቤት እንዳስታወሱት ብቻ ተናግሮ ዝም አለ። እኛም ‹‹ሻፍት በአፍሪቃ›› ስለ ስደት ሊነግረን ፈልጎ ያልቻለውን ነገር ይህ ፊልም በአንድ ሽማግሌ ትከሻ እንደ ነገረን ገባን። በፊተኛው ፊልም ስደተኛው ስም አልነበረውም፤ በኋለኛው ስምና ልጆች፥ ኩራትና ስሕተት አለው። ስሕተት አለው ያልነው ሆን ብለን ነው፤ አቶ ደበበ አባትየውን እንድናዝንለት ብለው አላለዘቡትም። ግትርነቱንና ክፉ ቃሉን ሳይደብቁ አሳዩን፤ እንደ ሊርም ውድቀቱን ከፊሉን ራሱ እንደ ጠራው አስታወቁን።

እንግዲህ በ1965ቱ ፊልም ዳር የቆመው ማገር በ2014ቱ ምሰሶ ሆነ ማለት ነውን? ዓይን እንዲህ ያያል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በ41 ዓመት መካከል ሰውየው ምሰሶ ሆኖ ጣራ የተሸከመባቸው ብዙ ሌሊቶች በመድረክ አልፈዋል። የ‹‹ቀይ ቅጠሎች›› ዝምታ በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም፤ በእነዚያ ሌሊቶች የተጠራቀመ ነው። የማክሬን የ1993 ጩኸት ለመረዳት የ1982ቱን ጩኸት መመልከት ይበቃል፤ የአቶ ደበበን ዝምታ ለመረዳት ግን ልንመለከተው የሚገባን ነገር ከመጋረጃው ጋር ተዘግቷል። በባዕድ አገር ያለ ተመልካች እኒህን ሽማግሌ እንደ አዲስ ሰው አያቸው። እኛ እንኳ፥ የአገራቸው ተማሪዎች፥ ከዚያ የተሻለ ዕውቀት ይዘን አልቀረብንም።

፯. ከእኛ ምን ይጠበቃል?

አንዳንድ አንባቢ ‹‹ይህ የአዲስ አበባ ቴአትር ቤቶች ጉዳይ ነው፤ ወልድያና መርሳ ምን አገባቸው?›› ይል ይሆናል። እኛ ግን ጉዳዩ ከደጃችን እንደሚጀምር እናምናለን። በደርግ ዘመን በየአውራጃውና በየቀበሌው የኪነት ቡድኖች ነበሩ፤ በክፍለ ሀገራችንም የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ስሙ የተጠራ ነበር። ከእነዚህ ቡድኖች ሥራ ዘፈኑ በካሴት ስለ ተቀዳ ዛሬም ይሰማል፤ የማሪቱ ለገሠን ድምፅ የማያውቅ የወሎ ልጅ የለም። በዘፈኖቹ መካከል ይታዩ የነበሩት አጫጭር ድራማዎች ግን አልተቀዱም። በእነዚያ ድራማዎች ባለሥልጣኑን፥ አራጣ አበዳሪውን፥ ምቀኛ ጐረቤቱን ሆነው ሕዝቡን ያሳቁና ያስለቀሱ ሰዎች ዛሬ በከተሞቻችን ሽማግሌዎች ሆነው ይኖራሉ፤ ከፊሎቹም አልፈዋል።

የተጻፈና የተቀዳ ነገር ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ደግሞ ለዚህ አገር ሰው መንገር አያስፈልግም። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ ወልድያ በጦርነቱ ውስጥ ሳለች፥ ዩኒቨርሲቲው ሲዘረፍ፥ መጻሕፍትና ኮምፒዩተሮች አብረው ሄዱ። መጽሐፍ ከሌላ ቦታ ሊተካ ይችላል። የአንድ ሽማግሌ ትዝታ ግን ሁለተኛ ቅጂ የለውም።

ስለዚህ ያቀረብነው ሒስ በሁለት ነገር ይጠቃለላል። የመጀመሪያው ስለ ፍርድ ነው። አንድን ተዋናይ በተረፈችው ቍራጭ ብቻ አንመዝነው። ‹‹በአሜሪካ ፊልም ታየ›› ብለን ከፍ አናድርገው፤ ‹‹ጥቂት ደቂቃ ብቻ ታየ›› ብለንም አናሳንሰው። አቶ ደበበ እሸቱ ትልቅ ተዋናይ የሆኑት ሆሊዉድ ስለ ጠራቸው አይደለም፤ ሆሊዉድ ዳር ላይ ባቆማቸውም ጊዜ ትልቅነታቸው አልቀነሰም።

ሁለተኛው ስለ ሥራ ነው። የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ፥ የታሪክና የጋዜጠኝነት ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲመርጡ፥ በየሠፈራቸው በመድረክ ላይ የቆመ አንድ ሽማግሌ ፈልገው አጠገቡ ቢቀመጡ፥ ቃሉን በስልካቸው ቀድተው፥ የተጫወተውን ክፍል እንደ ገና እንዲያሳያቸው ለምነው ቢቀርጹት፥ ቅጂውንም ለቤተ መጻሕፍት ቢያስረክቡ፥ ይህ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፥ ዋጋው ግን ከብዙ የተጠረዘ ወረቀት የሚበልጥ ምርምር ነው። መምህራኖቻችንም እንዲህ ያለውን ሥራ ከ‹‹ትክክለኛው›› ምርምር እኩል እንዲቀበሉልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

በዚያ ቅዳሜ ማታ ‹‹ደበበ እሸቱ!›› ብሎ የጮኸው ጓደኛችን ፊቱን ያወቀው ከየት እንደ ሆነ በኋላ ጠይቀነው ነበር። አባቱ በወጣትነቱ ለሥራ አዲስ አበባ ሄዶ ሳለ አንድ ቀን ቴአትር ቤት ገብቶ አይቷቸው፥ ተመልሶም ለልጆቹ ሲያወራ፥ ፎቶግራፋቸውንም በጋዜጣ ባየ ቍጥር ሲያሳያቸው ስለ ኖረ ነው። አባቱ የትኛውን ቴአትር እንዳዩ ግን ስሙ ጠፍቶባቸዋል። የሚያስታውሱት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አቶ ደበበ ከመድረኩ ዳር ቆመው ለረዥም ጊዜ ምንም ሳይናገሩ አዳራሹ ሁሉ እርሳቸውን ያይ ነበር።